ቁጣቸውን ከጫማቸው ጋር ያወልቁ የነበሩት የአቶ በኃይሉ ታደሰ የሕይወት ታሪክ

የሀዋሳ ከተማ ገና ከሐይቁ ዳር ብዙም ባልራቀችበት በ1963 ዓ.ም.፣ ከሸዋ ለእርሻ ልማት ሥራ የመጡት መካኒኩ አቶ ታደሰ ወልደየስና ባለቤታቸው ወ/ሮ ወርቅነሽ ደምሴ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ በምንለው ሰፈር፣ በኪራይ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቀፉ። ያ ሕፃን ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አቶ በኃይሉ ታደሰ ናቸው።

አቶ በኃይሉ ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ሰለሞንና የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሆነችው ከታናሽ እህታቸው ከምሕረት ጋር ያደጉት፣ አባታችን ኋላ ታቦር ዳገት ላይ በሠሩት ግቢ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ቁጡ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ላሳጣቸው አይደለም፤ ያኔ ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጅ ተመትቶ ሲያለቅስ "በኃይሉን ጥሩት" ይባል ነበር። አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ይስቃሉ፤ ለእንግዳ ሳይቀር "የኔ ልጅ እጁ ከአፉ ይቀድማል" እያሉ ያወሩ ነበር። እናታችን ብቻ "ይሄ እጅ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብናል" ይሉ ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በሀዋሳ ተከታትለዋል። በ1984 ዓ.ም. በእንጨት ሥራ በዲፕሎማ ተመርቀው በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠሩ። ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ በዚህች ከተማ በየወርክሾፑ አሉ፤ አንዳንዶቹንም እዚህ አያቸዋለሁ። በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፅጌ ጋር ትዳር መሥርተው ኤልናታንንና ሄራንን አፍርተዋል። ቤታቸውን የሠሩት በዚያው በታቦሩ ግቢ ነው። እናታችንና አባታችን አርጅተው እስኪያልፉ ድረስ ያጎረሷቸውም፣ ያጠቧቸውም፣ የቀበሯቸውም እሳቸውና ወ/ሮ ፅጌ ናቸው። ሌሎቻችን በበዓል እንመጣ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. ያለውን ዘመን እንድዘለው ተመክሬአለሁ። "ሟችን ማክበር ነው፤ በተለያዩ የሥራ መስኮች አገልግለዋል ብለሽ እለፊው" ያሉኝ ወንድማችን አቶ ሰለሞን ናቸው። ምክራቸውን አልተቀበልኩም። ይህን ዘመን ከዘለልነው አቶ በኃይሉ እንዴት እንደኖሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሞቱም አይገባንም። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያነቡልን የዕድራችን ጸሐፊ አንድም መስመር እንዳይዘሉ በፈጣሪ ስም አደራ ብያቸዋለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 2002 ዓ.ም. የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ዕለት ነበር። አቶ በኃይሉ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሕፃኗን ሄራንን ታቅፈው፣ ከባለቤታቸው ጋር በፒያሳ በኩል ሲመለሱ፣ ዝናብ ያቆረው ውኃ ላይ ያለፈ ባጃጅ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ረጫቸው። ሹፌሩ ኩማ የሚባል፣ ባጃጅ መንዳት ገና የጀመረ ወጣት ነበር። አቁሞ "ይቅርታ ጋሼ፣ ጉድጓዱን አላየሁትም" አለ። እውነቱን ነበር። አቶ በኃይሉ ልጃቸውን ለወ/ሮ ፅጌ አቀበሉና ወጣቱን ከባጃጁ ጎትተው አወረዱት። እጃቸው ውስጥ የቤት ቁልፍ ነበር። ገላጋይ እስኪደርስ የኩማ ግራ ዓይን ጠፍቷል። ነጩ ልብስ ግን በአንድ እጥበት ጸዳ።

ፍርድ ቤቱ ሰባት ዓመት ፈረደባቸው። ትምህርት ቤቱ አሰናበታቸው። "በኃይሉን ጥሩት" ይል የነበረው ሰፈር በአንድ ጊዜ "ድሮም አውሬ ነበር" ማለት ጀመረ። እስር ቤት ሄዶ የጠየቃቸው ሰው ማንና ማን እንደሆነ እዚህ የቆምነው ሁላችንም እናውቃለን፤ አልዘረዝርም።

በ2004 ዓ.ም. በማረሚያ ቤቱ ለታራሚዎች ቁጣን የመቆጣጠር ሥልጠና ተጀመረ። አሠልጣኙ አቶ ፊልሞን የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ፤ ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው። ያኔ ገና ወጣት ስለነበሩ አቶ በኃይሉ በመጀመሪያው ቀን "ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው እኔን ስለ ቁጣ የሚያስተምረኝ?" ብለው ጥለዋቸው ወጡ። አቶ ፊልሞን አልተከተሏቸውም። ወንበራቸው ግን እንዳይነሳ አዘዙ። በሳምንቱ ወንድሜ ተመልሰው ተቀመጡበት። ይህን ስንቅ ሳመላልስ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ ነበር የነገሩኝ።

አቶ ፊልሞን "ማን አናደዳችሁ ብዬ አልጠይቃችሁም። ከመማታታችሁ በፊት ሰውነታችሁ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ። አንዱ ጉሮሮዬ ይደርቃል አለ፤ አንዱ እጄን ይበላኛል አለ። አቶ በኃይሉ ከብዙ ሳምንት በኋላ "ጆሮዬ ይግላል። ከጋለ በኋላ የሚባለውን አልሰማም" አሉ። በዚያ ቀን ነው ሥልጠናው የገባቸው። ጆሮ እንደጋለ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ግን የተናደደ ሰውን ምን ያስቀምጠዋል? መልሱን የሰጡት አብረዋቸው የሠለጠኑት ታራሚ አቶ ጠሀ ነበሩ። "እኔ መስጊድ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ጠቤንም እዚያው ትቼው ነው የምገባው። እዚህ በር ባይኖርም ጫማስ አለ" አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሠልጣኞቹ መካከል ደንብ ሆነ። ቁጣው የመጣበት ሰው ምንም ሳይናገር ጫማውን ያወልቃል፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ፊት ለፊቱ ያስቀምጣል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ያንን ሰው ማንም አይነካውም፣ ማንም አያናግረውም። ይህ የደንቡ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ሰው ሁሉ ስለማያውቀው ዛሬ በግልጽ ይነበብልኝ። የተቀመጠው ሰው ጫማውን አድርጎ እስኪመለስ ድረስ ክርክሩ ይቆማል። እሱ በሌለበት የሚወሰን ነገር የለም። ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ነው፤ ያናደደውን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። አቶ ፊልሞን "ቁጣ ነገር አለው። ነገሩን ካልሰማነው ሰውየውን አፈንነው እንጂ አላስተማርነውም" ይሏቸው ነበር።

አንድ ቀን የምግብ ተራ ላይ ጠብ ተነሥቶ አቶ ጠሀ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ወጡ ቀዘቀዘ፤ የራበው ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ጠበቀ። በሰው ደም የተፈረደባቸው፣ በዝርፊያ የተፈረደባቸው ሰዎች አንድ ሰው ጫማውን እስኪያደርግ ቆመው ጠበቁ። ወንድሜ ይህን ሲነግሩኝ እንባ መጥቶባቸው ነበር። እኔ ያኔ ይህን ያህል የሚያስለቅስ ነገሩ አልታየኝም ነበር፤ አሁን ታይቶኛል። ያን ያህል የጠበቃቸው ሰው ከዚያ ግቢ ውጭ ከአንድ ሰው በቀር አላገኙም።

አቶ በኃይሉ የሠልጣኞች ተወካይ፣ ቀጥሎም የአቶ ፊልሞን ረዳት ሆኑ። የሥልጠናውን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው። መጋቢት 2007 ዓ.ም. በአመክሮ ከተፈቱም በኋላ ረቡዕ ረቡዕ በፈቃደኝነት እየሄዱ ያሠለጥኑ ነበር፤ ካልታመሙ በቀር ቀርተው አያውቁም። በሩ ላይ ሲፈተሹ ጠባቂዎቹ "ጋሽ በኃይሉ፣ እስር ቤት ናፈቀዎት እንዴ?" ብለው ሲቀልዱባቸው "እዚህ ስናገር የሚሰማኝ አለ" ይሉ ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የምንሰማው።

ከእስር ሲወጡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ኩማ ነው። አቶ ኩማ በአንድ ዓይን የመንጃ ፈቃድ ስለማያገኙ ባጃጁን ትተው ታቦር ዳገት ሥር ጎሚስታ ከፍተው ነበር። ወንድሜ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ለመኑ። አቶ ኩማ ለሽማግሌዎቹ የመለሱት ቃል ይህ ነው፦ "ይቅር አልልም። ዓይኔን ካመጣችሁልኝ ይቅር እላለሁ። ግን በቀረችኝ አየዋለሁ። እውነት ተለውጦ ከሆነ አያለሁ።" ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ሄዱ። አቶ በኃይሉ ግን "ልክ ነው፤ ይየኝ" አሉ።

እውነትም ያዩአቸው ጀመር። በዚያው ክረምት ወንድሜ በጎሚስታው በር ሲያልፉ፣ አቶ ኩማ ጎማ የሚፈትሹበትን ቆሻሻ ውኃ አንሥተው ሆን ብለው ሱሪያቸው ላይ ደፉባቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። አቶ በኃይሉ ጆሮአቸው ደም መሰለ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ የአሮጌ ጎማ ክምር ሥር ተቀመጡ። አቶ ኩማ ሥራቸውን ትተው ፊት ለፊት ቆመው ጠበቁ። ወንድሜ ጫማቸውን አድርገው ተነሡና "ልብሴን አበላሽተህብኛል። ተናድጃለሁ" አሉ። አቶ ኩማም "ሰምቻለሁ። እኔም ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ እሰማህ ነበር" አሏቸው። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። የይቅርታ ቃል ማን እንደተናገረ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሻይ የሚጠጡት አብረው ነበር።

ይህን ያህል ስለ አቶ ኩማ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ከማረሚያ ቤቱ ውጭ የደንቡን ሁለተኛ ግማሽ ያከበሩት እሳቸው ብቻ ናቸውና።

እኛ ሌሎቻችን የተማርነው አንደኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ስላልመለሳቸው አቶ በኃይሉ በግቢያቸው አነስተኛ የእንጨት ሥራ ከፍተው ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ሰፈሩ ጫማ ማውለቃቸውን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ። ልጆች ባዩአቸው ቁጥር ጫማቸውን እያወለቁ ይሮጡ ነበር። ቀጥሎ ግን ሰፈሩ ብልጥ ሆነ። ከእሳቸው ጋር ክርክር ያለው ሰው እስኪናደዱ ይገፋቸዋል፤ ጫማቸውን አውልቀው ሲቀመጡ ነገሩን በፈለገው መንገድ ይጨርሳል። ጎረቤት አጥሩን ወደ ውስጥ የገፋው እሳቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነው። የሰፈር ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚሰጠው እሳቸው ተነሥተው ሲወጡ ነው። ተመልሰው "እኔ የምለው ነበረኝ" ሲሉ "አልቋል እኮ ጋሼ" ይባላሉ። "እሺ" ይላሉ። ይህንን ነው ሰው ትዕግስት እያለ ሲያመሰግንላቸው የኖረው። ከትናንት ጀምሮም ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ "ምን ያለ ትዕግስተኛ ሰው!" ይለኛል። ትዕግስታቸውን በደንብ የሚያውቁት የተጠቀሙበት ናቸው።

ወንድማችን አቶ ሰለሞን ይህን ዘዴ ከማንም በላይ አጥርተው ያውቁ ነበር። አብረው ያደጉ ናቸውና የት ቢነኳቸው እንደሚነድዱ አይጠፋቸውም። የእናታችን መኝታ ቤት ለሰው የተከራየው እንደዚያ ነው፤ ከጓሮ ያሉት የአቮካዶ ዛፎች የተቆረጡትም እንደዚያ ነው። አንድ በዓል ላይ በግልጽ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦ "ከበኃይሉ ጋር ችግር የለብኝም። ጫማውን እስኪያወልቅ ነው።" በቦታው የነበረ ሁሉ ሳቀ።

አቶ በኃይሉ ላለፉት ዓመታት የደም ግፊት ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። ሐኪማቸው እንዳይናደዱ መክሯቸው ነበር። እሳቸውም "እኔ መናደድ አቁሜ አላውቅም፤ መማታት ነው ያቆምኩት" ብለው ለወ/ሮ ፅጌ ነግረዋቸዋል። አቶ ፊልሞንም ይህን ስለሚያውቁ "ጋሼ፣ መቀመጡን ብቻ አይያዙ፤ ተመልሰው ይናገሩ፤ አልሰማ ካሉ ደግመው ይናገሩ" ይሏቸው ነበር። ይናገሩ ነበር እኮ። የሚጠብቅ ነው የጠፋው።

ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ ሰለሞን ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ታቦሩ ግቢ መጡ። የወላጆቻችን ግቢ ተሸጦ ፔንሲዮን ሊሠራበት ገዢ ተገኝቶ ነበር። ወ/ሮ ፅጌና ሄራን አራስ ሊጠይቁ ወጥተዋል፤ ኤልናታን በሥራ ምክንያት አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ቤቴ አዲስ ከተማ ነበርኩ፤ ሽማግሌ መቀመጡንም አልሰማሁም። አቶ በኃይሉ ለእንግዶቹ ውኃ አቅርበው "አልሸጥም አልልም። ሄራን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ብቻ ጊዜ ስጡኝ" አሉ። ያኔ አቶ ሰለሞን "ሁላችንም ተስማምተናል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። ምሕረትም ተስማምታለች" አሏቸው።

እኔ አልተስማማሁም። ስለ ሽያጩ አንድም ቃል አልነገሩኝም። ይህን ሁሉም ሰው፣ በተለይም ወንድሜ ነፍሳቸው የምትሰማ ከሆነ፣ ዛሬ እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

በስፍራው ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ እያለቀሱ እንደነገሩኝ፣ አቶ በኃይሉ "ምሕረትም?" ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። መልስ ሳይጠብቁ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ፤ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡና ጎንበስ ብለው አንድ ጫማቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ሊከተሏቸው ሲሉ አቶ ሰለሞን "ይተዉት አባቴ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው፤ ይበርድለታል። እስከዚያ እኛ ነገራችንን እንጨርስ" አሏቸው። ጨረሱም። ግቢው በምን ሁኔታ እንደሚሸጥ፣ ወ/ሮ ፅጌ መቼ እንደሚለቁ፣ የእንጨት መሥሪያው መቼ እንደሚፈርስ፣ ሁሉንም ተነጋግረው ተስማሙ። በመሐል አንዱ አንገታቸውን አስግገው አዩአቸው። አቶ በኃይሉ ራሳቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈው ነበር። "እንቅልፍ ወስዶታል" ተባለ።

አቶ ኩማ ለጎሚስታቸው ያሠሩትን በርጩማ ለመውሰድ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከውጭው በር ሳይገቡ ጮኹ። "አንድ እግሩ ጫማ አለው! ይሄ ሰው አንዱን ብቻ አውልቆ ተቀምጦ አያውቅም! ያወለቀውንም አላስቀመጠውም፣ ወድቋል! ይሄ ቁጣ አይደለም!" አቶ ሰለሞን ወጥተው "አንተ ደግሞ ተወው፣ የለመደው ነው" አሏቸው። አቶ ኩማ ወንድሜን አቅፈው አነሡ፤ ዳገቱን ይዘዋቸው ወረዱ፤ ጎማው ተቀይሮለት በራቸው ላይ የቆመውን ባጃጅ አስነሥተው ራሳቸው ነዱ። ከዚያ የሐምሌ ገብርኤል ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም ነበር። መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ የሰማው ጩኸታቸውን ነው። "ልቀቁልኝ! ሰው እየሞተብኝ ነው!"

ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ የአቶ በኃይሉ ሕይወት አልፏል። የተቀበሏቸው ሐኪም ልባቸው መሆኑን ገልጸው "ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው" አሉ። ይህን የሰሙት አቶ ኩማ ብቻቸውን ናቸው፤ ሊሰሙት የሚገባቸው ግን እዚያ አልነበሩም። ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ወንድሜ ከማረሚያ ቤት ሲወጡ እጄን በሰው ላይ ዳግመኛ አላነሣም ብለው ምለው ነበር። ቃላቸውን ጠብቀው አልፈዋል። በእሳቸው ላይ እጁን ያነሣ የለም፤ ዱላ የያዘም የለም። አይተው ነው የተዉአቸው። ይህን የሚከስስ ሕግ እንደሌለ አውቃለሁ። በኩማ ዓይን ሰባት ዓመት ተፈረደ፤ በወንድሜ ሞት ደግሞ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ አቶ ሰለሞንም ከፊት ተቀመጡ።

አቶ በኃይሉ ታደሰ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ሲያልፉ የሚከተሉትን ቤተሰቦቻቸውን ትተው ነው፦ እስር ቤቱንም ደረጃውንም አብረዋቸው የተሸከሙትን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፅጌን፤ ልጆቻቸውን ኤልናታንንና ሄራንን፤ በማረሚያ ቤቱ ረቡዕ ረቡዕ የሚጠብቋቸውን ሠልጣኞች፤ እህታቸውን ምሕረትን፤ ዓይናቸውን ያጠፉባቸውን፣ ዓይናቸውን ግን ከእሳቸው ላይ ያላነሡትን ወንድማቸውን አቶ ኩማን።

እዚህ ላይ አንድ ስም ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ልጽፈው አልፈለግሁም። ጆሮዬ ጋለ። ስለዚህ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ጎን ለጎን አድርጌ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩና ወንድሜ ይቀመጡበት በነበረው ደረጃ ላይ ብዙ ቆየሁ። ተመልሼም ጻፍኩት፦ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ሰለሞን ታደሰን።

እጃቸውን አጥበው የተመለሱትን የሚቀበል አምላክ የአቶ በኃይሉን ነፍስ ይቀበል፤ "እኔ የምለው ነበረኝ" ሲሉም እስከ መጨረሻው ይስማቸው። ለወ/ሮ ፅጌና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ።

ስሙን ጻፍኩ እንጂ ጫማዬን ገና አላደረግሁም፤ እዚህ የቆምኩት በባዶ እግሬ ነው። አቶ ሰለሞንና ሽማግሌዎቹ ደንቡን ዛሬ ከነሁለተኛ ግማሹ ሰምተዋል። በእናትና አባታችን ግቢ ጉዳይ፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ እስክመለስና እስክናገር ድረስ፣ ማንም ምንም አይወስንም።